ቲቸር፣ ጥሩ ውስኪ የቱ ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ ለአማቴ ውስኪ ልገዛ ነው። ሲንግል ሞልት ይወዳሉ አሉ። አሁን ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ የመደርደሪያውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ጥሩው የቱ ነው?"

ፎቶውን አየሁት። አሥራ ምናምን ጠርሙስ ተደርድሯል። መለስኩለት፦ "አማትህ ጭስ ይወዳሉ?"

ቀልድ መሰለው። "ቲቸር፣ ሲጋራ እኮ አያጨሱም" አለኝ።

እየቀለድኩ አልነበረም። የጠየቀኝ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። በሃይማኖትም ሆነ በጤና ምክንያት የማትጠጡ ወዳጆቼ፣ ይህን ማለፍ ትችላላችሁ። ወይም ደግሞ ስለ መጠጥ ሳይሆን ስለ ዳኝነት የተጻፈ ነው ብላችሁ አንብቡት፤ እውነቱም እሱ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ አንድን ነገር "ጥሩ ነው" ወይም "መጥፎ ነው" ከማለታችን በፊት ምን ለመሆን እንደተሠራ ማወቅ አለብን። ይህን ሳናውቅ የምንሰጠው ፍርድ ስለ ውስኪው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ እኛ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ አገር ሰርግ ላይ ጠረጴዛ የሚያስጌጡት ሬድ ሌብል፣ ብላክ ሌብል የምንላቸው "ብሌንድድ" የሚባሉት ናቸው። ከብዙ ፋብሪካ የመጣ የብቅል ውስኪ ከሌላ እህል ከወጣ ውስኪ ጋር ተደባልቆባቸዋል። ይሄ ነውር አይደለም፤ ማደባለቅ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። ሲንግል ሞልት ግን ከአንድ ፋብሪካ ብቻ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በመዳብ ማፍያ የወጣ ነው። "ሲንግል" ሲባል አንድ በርሜል የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ አንድ ፋብሪካ ማለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የብዙ በርሜል ቅልቅል ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮች ውስኪ ደንብ ጥብቅ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። በርሜሉ ከ700 ሊትር መብለጥ የለበትም። ሲታሸግ አልኮሉ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ከውሃና ለቀለም ተብሎ ከሚፈቀድ ካራሜል በቀር ሌላ ነገር አይጨመርበትም።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የውስኪን ሥራ ግማሹን ያውቀዋል። እህሉ ይበቅላል፣ ይጠመቃል፣ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። ልዩነቱን የሚያመጡት በመሐል ያሉት ነገሮች ናቸው፦ ብቅሉ የደረቀበት እሳት፣ የማፍያው ቅርጽ፣ በርሜሉና ጊዜው። ጠርሙሶቹ የማይመሳሰሉትም በነዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዳኝነቱ። አብዛኞቻችን በምላሳችን አንዳኝም። ሦስት የሐሰት ዳኞች አሉን፦ ዕድሜ፣ ዋጋና ቀለም።

ከዕድሜ ልጀምር። ጠርሙሱ ላይ "12" ወይም "18" ሲል፣ ቁጥሩ የሚነግረን ከተቀላቀሉት ውስጥ የታናሹን ዕድሜ ነው። ከዚያ ውጪ ምንም ቃል አይገባም። በርሜል ውስጥ ውስኪ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይተናል፤ ስኮቶች "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። የቀረው ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ሲነጋገር ይቆያል። ለአንዳንዱ ይህ ረጅም ጭውውት ይጠቅመዋል፤ ይለሰልሳል፣ ይበስላል። ለአንዳንዱ ግን እንጨቱ ብቻውን ማውራት ይጀምራልና አፍ የሚያደርቅ መራራ ነገር ይሆናል። ጭስ ያለው ውስኪ ደግሞ ሲያረጅ ጭሱ እየለዘበ ይሄዳል። ጭሱን የፈለገ ሰው የ10 ዓመቱን ትቶ የ25 ዓመቱን ሲገዛ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የፈለገውን ነገር አሳንሶ ሊገዛ ይችላል። ዕድሜ መረጃ ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለንደን ውስጥ ሶዝቢስ በተባለው የጨረታ ቤት አንድ የ1926 ማካላን ጠርሙስ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ያ የብርቅነት ዋጋ ነው። ገዢው ጠርሙሱን እንጂ ጣዕሙን አልገዛም፤ ለመሆኑስ ይከፍተዋል? እኛ ሱቅ ውስጥ የምናየው ዋጋ ላይም፣ በትንሽ መጠን ቢሆንም፣ ይኸው ነገር አለበት፦ የሳጥኑ፣ የስሙ፣ የቀረጡ፣ የብርቅነቱ። ዋጋ ደግሞ ኪሳችንን ብቻ አይደለም የሚነካው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድን ወይን ለተመሳሳይ ሰዎች ሁለት ጊዜ አቀመሱ፤ አንዴ ዋጋው 10 ዶላር ነው፣ አንዴ 90 ዶላር ነው እያሉ። ሰዎቹ 90 ነው የተባለውን የበለጠ ወደዱት። የአንጎላቸው ምስልም ደስታን በሚመለከተው ክፍል ላይ ልዩነት አሳየ። ስለዚህ ውድ ጠርሙስ ቀምሶ "ኧረ ይሄማ ሌላ ነው!" የሚል ሰው እየዋሸ አይደለም። በእውነት ጣፍጦታል። ያጣፈጠው ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቀለም ነው። "ጠቆር ያለውን ስጠኝ፣ የበሰለ ነው" የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ካራሜል መጨመር እንደሚፈቀድ ቅድም ነግሬያችኋለሁ። ብዙ ጠርሙሶች ቀለማቸውን ያገኙት ከበርሜሉም ከካራሜሉም ነው። ዓይን ደግሞ ምላስን እንዴት እንደሚያታልል ታውቆ ያደረ ነገር ነው። ቦርዶ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አለ። 54 የወይን ሙያ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። ሽታውን ሲገልጹ ለቀይ ወይን የሚነገሩትን ቃላት ነው የተጠቀሙት። የሙያው ተማሪዎች ናቸው እኮ! እኔና እናንተማ የት እንደርሳለን?

እኔም ወድቄበታለሁ፣ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አምስት ጓደኛሞች ተሰብስበን አራት ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልለን በቁጥር ብቻ ቀመስን። እኔ በዚያን ጊዜ ራሴን አዋቂ አድርጌ የምቆጥር ሰው ነበርኩ። ወረቀቴ ላይ ስለ ሦስተኛው የጻፍኩት "ተበላሽቷል፣ ጎማ ጎማ ይላል፣ አይጠጣም" የሚል ነበር። ከፍተኛ ነጥብ የሰጠሁት ለሁለተኛው ነው። ጋዜጣው ሲገፈፍ ሁለተኛው፣ ለጓደኞቼ "የጀማሪ ውስኪ ነው፣ ተዉት" እያልኩ ስንቀው የኖርኩት ርካሹ ጠርሙስ ሆነ። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ያልተበላሸ፣ ሰዎች ፈልገው የሚገዙት ከባድ የጭስ ውስኪ ነበር። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅሁም። "አላውቀውም" ማለት ሲገባኝ "መጥፎ ነው" ብዬ ነበር የፈረድኩት።

ከዚያ በኋላ ነው በዓይነት በዓይነት ለይቶ መቅመስን የተማርኩት። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

ቀለል ያሉ አሉ። በደቡብ ስኮትላንድ ያለው ሎውላንድ የሚባለው አካባቢ በዚህ ይታወቃል። ግላስጎው አጠገብ ያለው ኦኬንቶሸን እንደ ሌላው ሁለቴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው የሚያጣራው። ከባድ ከባዱ እየቀረ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ሎሚ፣ አረንጓዴ ሣር፣ የብስኩት ጣፋጭነት ነው። እንዲህ ያለውን ውስኪ "ባዶ ነው፣ ጉልበት የለውም" ብሎ መፍረድ፣ ክራርን "እንደ ከበሮ አይመታም" ብሎ እንደመውቀስ ነው።

ፍሬ ፍሬ የሚሉ አሉ። ስፔይ በሚባለው ወንዝ ዙሪያ ብዙ ፋብሪካዎች ተሰባስበዋል፤ ግሌንሊቬትና ግሌንፊዲክ ከነሱ ውስጥ ናቸው። እዚህ ጋ በርሜሉን ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን የሚባለው ውስኪ በአዲስና ውስጡ በተቃጠለ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ያዛል። አንዴ ካገለገለ በኋላ ለቦርቦን ስለማይሆን በርሜሉ ወደ ስኮትላንድ ይሸጣል። በዚህ የተቀመጠ ውስኪ ቫኒላ፣ ማር፣ ፖም ይላል። በሌላ በኩል የስፔን ሼሪ ወይን የነበረበት በርሜል አለ፤ ማካላንና ግሌንፋርክላስ በዚህ ይታወቃሉ። ይሄኛው ዘቢብ፣ ተምር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የብርቱካን ልጣጭ ይላል። ሁለቱም ፍሬ ናቸው፤ አንዱ ከዛፍ አሁን የተቀጠፈ፣ ሌላው የደረቀ።

ጭስ ያላቸው አሉ። አይላ የምትባል በስኮትላንድ ምዕራብ ያለች ደሴት የነዚህ አገር ናት። ፒት የሚባል ነገር ይቆፈርባታል፤ ረግረግ መሬት ላይ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ እንደ ኩበት ደርቆ የሚነድ የበሰበሰ ዕፅዋት ነው። እርጥቡ ብቅል በዚህ ጭስ ሲደርቅ ጭሱ ገብሱ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በማፍያው አልፎ፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት ከርሞ፣ ብርጭቆአችሁ ድረስ ይመጣል። አርድቤግ፣ ላጋቩሊንና ላፍሮይግ በደሴቲቱ ደቡብ ዳርቻ ጎረቤታሞች ናቸው። ሦስቱም ጭስ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ላፍሮይግ አዮዲንና የቁስል ፋሻ ይላል። ላጋቩሊን ወደ ጣፋጭና ወደ ከበደ ጭስ ያደላል። አርድቤግ ከጭሱ ጋር ሎሚና ሬንጅ አለው። "ጭስ ነው" ብሎ መተው ገና በር ላይ መቆም ነው።

የሰም ቃና ያላቸው፣ የባሕር ጨው የሚሉ፣ ዘይት ዘይት የሚሉም አሉ። በሰሜን ያለው ክላይንሊሽ የጧፍ ሽታን ያስታውሰኛል። ስካይ ደሴት ላይ ያለው ታሊስከር ከጭሱ ጋር ቁንዶ በርበሬ ይዞ ይመጣል። ካምቤልታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ስፕሪንግባንክ ብቅሉን በሙሉ እዚያው በራሱ ወለል ላይ ያበቅላል፤ ውስኪው ወፍራም፣ ጨው ያለበትና በትንሹ የጨሰ ነው። ግሌንሞራንጂ ደግሞ ማፍያዎቹ አንገታቸው በጣም ረጅም ነው፤ ከባዱ እንፋሎት መውጣት ሲያቅተው ተመልሶ ይወርዳል፣ ቀላሉ ብቻ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አካባቢ ፍንጭ ነው እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም። እዚያው አይላ ላይ ብሩክላዲ የሚባለው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው ውስኪ ጭስ የለውም። ያው ፋብሪካ ኦክቶሞር በሚል ስም ደግሞ እጅግ የጨሰ ውስኪ ያወጣል። ስለዚህ "አይላ ነው፣ በቃ ጭስ ነው" ማለትም ሳይቀምሱ መፍረድ ነው። ሰውን በአገሩ እንደመፈረጅ።

እሺ፣ ዓይነቱን ካወቅን በኋላ እንዴት እንፍረድ? እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ በቅደም ተከተል።

አንደኛ፦ ይህ ውስኪ ምን ለመሆን ነው የተሠራው? ቀላል? ፍሬ? ጭስ?

ሁለተኛ፦ ለመሆን የፈለገውን ሆኗል?

ሦስተኛ፦ እኔ እወደዋለሁ?

የብዙዎቻችን ስሕተት ሦስተኛውን መጀመሪያ ጠይቀን መልሱን ለሁለተኛው መስጠታችን ነው።

"እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ጥሩ ነው ልትል ነው" የሚለኝ አይጠፋም። አልልም! ሁለተኛው ጥያቄ እኮ ጥርስ አለው። የጭስ ውስኪ ጭሱ ከበድ ስላለ አይወቀስም፤ ከጭሱ በታች ምንም ከሌለ ግን ይወቀሳል። ጥሬና ለጋ አረቄን በጭስ የሸፈነ አለ፤ ጭሱ ሲያልፍ አፍ ላይ የሚቀረው የአልኮል ማቃጠል ብቻ ነው። የሼሪ በርሜል ውስኪ ዘቢብ ዘቢብ ስላለ አይወቀስም። ግን በርሜሉ ሁሉን ውጦት ገብሱ የት እንደገባ ካልታወቀ፣ ወይም የተጫረ ክብሪትና የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ ያ ጉድለት ነው። ቀላል ውስኪ ቀላል በመሆኑ አይወቀስም። ከዋጡት በኋላ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ምንም እንዳልነበር ከጠፋ ግን ይወቀሳል። ያረጀ ውስኪ እንጨት በማለቱ አይወቀስም፤ የጥርስ ስንጥር እንደማኘክ ከሆነ ግን ዕድሜው 30 ቢሆንም እንቢ እላለሁ።

አያችሁ? ጭስን በጭስ ሕግ፣ ፍሬን በፍሬ ሕግ ነው። ይሄ ዳኝነትን አያላላም፣ እንዲያውም ያጠብቀዋል። "አልወደድኩትም" ማለት ቀላል ነው፤ "አልተሳካለትም" ለማለት ግን ምን ሊሆን እንደፈለገ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነጥብ ስለሚባለው ነገርም አንድ ልበል። ማይክል ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነበር፤ ዘፋኙ አይደለም፣ ሞክሼው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው የሞልት ውስኪ መጽሐፉ ለየውስኪው ከ100 ነጥብ ሰጠ። ዓለም ከሱ ብዙ ተማረ። ሰዎች ግን የሚረሱት አለ፦ ከነጥቡ በፊት የየፋብሪካውን ጠባይ፣ የቤቱን ዓይነት ይጽፍ ነበር። እኛ ነጥቡን ወሰድንና ጠባዩን ጣልነው። ዛሬ ሰው ስልኩን አውጥቶ "ይሄ 92 ነው፣ ያ 86 ነው" ብሎ ይገዛል። ያለ ዓይነቱ የተነገረ 92 ምን ይነግረኛል? ፋሻ ፋሻ የሚለውን 92 ለአያቴ ብሰጣት ትረግመኛለች።

ይህ ነገር ከውስኪ አልፎ ወደ ቤታችን ይመጣል። ቡናችንም እኮ በነጥብ ነው የሚሸጠው። ከ100 ቢያንስ 80 ያገኘ ስፔሻሊቲ ይባላል፣ ከዚያ ዋጋው ሌላ ነው። የታጠበ ይርጋጨፌ አበባና ሎሚ ይላል፣ ጥርት ያለ ነው። በደረቁ የተዘጋጀ የሐረር ቡና ደግሞ የወይን ጠጅ የመሰለ፣ የበሰለ ፍሬ የሚል ነው። የሐረሩን በይርጋጨፌ መለኪያ የሚለካ ቀማሽ "ፈልቷል፣ ጉድለት ነው" ሊል ይችላል። እኔ ጋዜጣ የተጠቀለለውን ሦስተኛ ጠርሙስ ሳዋርድ ጓደኞቼ ሳቁና አለፈ። ቡና ላይ ሲሆን ግን እንዲህ ያለ ስሕተት የአንድ ገበሬ የዓመት ድካም ነው።

እኔ ራሴ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለብኝ። ብዙ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ አንድን ስሌት እኔ ካስተማርኩት በተለየ መንገድ ሠራችው። መልሱ ልክ ነበር፣ መንገዱም ልክ ነበር። እኔ ግን "እንዲህ አላስተማርኩም" ብዬ ግማሹን ነጥብ ቆረጥኩ። ቢሮ ድረስ መጥታ በትሕትና አስረዳችኝ። አልመለስኩላትም። ዛሬ ሳስበው ያረምኩት ሥራዋን አልነበረም፤ እኔን መምሰሏን ነው ያረምኩት። ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ልክ ነበርሽ። ይቅርታ።

ወደ ብርጭቆው እንመለስ። የሚቀምስ ሰው ከሌላ አገር ቃል መበደር የለበትም የምለውም ለዚህ ነው። ከጠርሙስ ጀርባ ላይ የሰፈረውን የእነሱን አገር አበባና የእነሱን አገር ከረሜላ እየሸመደድን "ኦ አዎ፣ ይሸተኛል" ስንል አንዳንዴ ያሳዝነኛል። በሕይወታችን አሽትተነው አናውቅም እኮ! አፍንጫ የሚያውቀው ያደገበትን ነው። እኛ ደግሞ ድሆች አይደለንም። የጭስ ውስኪ መጀመሪያ ሲያስደነግጠኝ የረዳኝ መጽሐፍ ሳይሆን ወይራ ነው። በወይራ የታጠነ የእርጎ ቅል፣ ጋኑ የታጠነ ጠላ፣ ይህን እየጠጣ ያደገ ሰው ጭስ በመጠጥ ውስጥ ሲያገኝ "ተበላሽቷል" ማለት ነበረበት? እናቴ እኮ እርጎው ካልታጠነ ነበር "ምን ጎደለው" የምትለው። ለካ ጭስን እንደ ጣዕም ማወቅ ከልጅነቴ ጀምሮ እቤቴ ነበር፤ ብርጭቆው የፈረንጅ ስለሆነ ብቻ ነው የረሳሁት። የአብሽ መራራነት፣ የኮረሪማ ሽታ፣ የማር እንጀራ፣ የደረቀ ሙዝ፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ የቆሎ ምጣድ፣ እነዚህን ሁሉ ብርጭቆ ውስጥ አግኝቼአቸዋለሁ። ለስኮቱ ባይገቡት ለእኔ ይገቡኛል።

መሞከር ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልስጥ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል፣ ሽታውን ይሰበስባል። ከቀላሉ ጀምራችሁ በጭሱ ጨርሱ፤ ጭሱን ካስቀደማችሁ ቀሪው ውሃ ውሃ ይላችኋል። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትቅበሩ፤ አልኮሉ ያደነዝዛችኋል፣ ራቅ አድርጋችሁ አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ አሽትቱ። መጀመሪያ እንዳለ፣ ከዚያ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምራችሁ ቅመሱ። "ውሃ መጨመር ነውር ነው" የሚላችሁን አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውሃ ሲጨመር ጭስ ጭስ ከሚሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ጓያኮል ወደ ላይኛው ገጽ ይሰበሰባል፤ ማለትም ወደ አፍንጫችን ይቀርባል። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉ። የተሰማችሁን ሌላው ሰው ከመናገሩ በፊት ጻፉ፤ ጠረጴዛ ላይ አንድ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ካለ ሁላችሁም የሱን ምላስ ነው የምትቀምሱት።

ደግሞ መጠኑ። ለመዳኘት ከሻይ ማንኪያ ጥቂት ከፍ ያለ ይበቃል። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም ውስኪ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሰው ወንድም ነው፣ ዳኛውም ዳኛ አይደለም። መኪና ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ አትጀምሩት።

ያ ተማሪዬስ? "ጭስ" ስለው ግራ ቢገባውም ትንሽ ቆይቶ ባለቤቱን ጠየቀልኝ። "ቲቸር፣ አባቷ እርጎ በወይራ ካልታጠነ አይነኩም አለችኝ" ብሎ ጻፈ። እኔም ከፎቶው ላይ ከጭሶቹ አንዱን መረጥኩለት። ውድ ከሚባሉት አልነበረም፣ ቀለሙም እንደ ገለባ ነጣ ያለ ነው። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዝቅ ያለ ይመስላል፣ አያሳፍረኝም?" አለኝ። "ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ" አልኩት።

እሑድ ማታ መልእክት ገባ። "ቲቸር፣ አማቴ ቀመሱና 'ይሄ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል' አሉ።" ልቤ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ ገባ፦ "ከዚያ ደገሙት። አሁን ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።"

እናንተስ? በችኮላ "መጥፎ ነው" ብላችሁ ፈርዳችሁበት፣ በኋላ ግን ምን ለመሆን እንደተሠራ ሲገባችሁ የወደዳችሁት ነገር አለ? ውስኪ መሆን የለበትም። ምግብ ይሁን፣ ዘፈን ይሁን፣ ሰው ይሁን። ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።